የይለፍ ወረቀት የያዘ ወዛደር

እ.ኤ.አ. በ1861 ዛር ዳግማዊ አሌክሳንደር ከ20 ሚሊዮን በላይ የሩሲያ ገባሮችን ነፃ አወጣ። ነፃነቱ ግን ዕዳ አስከትሎ መጣ። ገበሬው የደረሰውን መሬት ዋጋ በ49 ዓመት እየከፈለ እንዲጨርስ ተወሰነ፤ ዕዳውና ግብሩም የሚጠየቀው ከመላው የመንደር ማኅበር ነበር። አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ስለዚህ ማንም እንዳሻው ብድግ ብሎ ከተማ አይገባም፤ ከመንደሩ ፈቃድና የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ጊዜው ሲያልቅ ማሳደስ ግድ ነው፤ ግብሩን ያልላከ ደግሞ ወረቀቱን ሊከለከል ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወንዱ ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች እርሻው ላይ ይቀራሉ። እሱ ገንዘብ ይልካል፣ ለፋሲካ ይመጣል፤ አንዳንዱም አጨዳ ሲደርስ ማሽኑን ትቶ ማጭዱን ያነሳል።

ሴምዮን ካናቺኮቭ በ1895 አባቱ ከቮሎኮላምስክ ገጠር ወደ ሞስኮ ሲያመጣው ዕድሜው 16 ነበር። የተቀጠረው በጉስታቭ ሊስት የማሽን ፋብሪካ ነው። ኋላ በጻፈው ትዝታ እንደሚተርከው፣ 15 ያህል ሠራተኞች አንድ ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ማብሰያውንም ወጪውንም ተካፍለው ይኖሩ ነበር። የሚበሉት ከአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን በእንጨት ማንኪያ ነው። መጀመሪያ መረቁ ብቻ ይጨለፋል፤ ሥጋውን ቀድሞ የሚነካ የለም። መረቁ ሊያልቅ ሲል አንዱ የሳህኑን ጠርዝ በማንኪያው ኳ ያደርጋል፤ ያኔ ሁሉም ለቁራጯ ይሽቀዳደማል። ይህ ያደጉበት የገጠር ማዕድ ነው፤ ሞስኮ መሃል ሳይለወጥ ተዘርግቷል።

ሥራ የሚያስገባውም፣ ማደሪያ የሚያሳየውም የአገር ልጅ ነበር። ባለሥልጣናቱ በዚህ ተጽናንተዋል፤ መሬትና መንደር ያለው ሠራተኛ እንደ ምዕራብ አውሮፓው አያስቸግርም ብለው ያምኑ ነበር። እጅግ ተሳስተዋል። አብሮ የመኖሩና አብሮ የመምከሩ ልማድ ፋብሪካ ውስጥም ሰዎቹን አስተሳስሯቸዋል።

ካናቺኮቭ ሞስኮ ከመግባቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦሬኾቮ-ዙዬቮ በተባለ ቦታ ይህ በግልጽ ታይቶ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ባለቤት ቲሞፌይ ሞሮዞቭ በ1882 እና በ1884 መካከል ደመወዝ 5 ጊዜ ቀነሰ። በዚያ ላይ በየምክንያቱ የሚጣለው ቅጣት የሸማኔውን ገቢ ሩብ ያህል ይበላ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1885 በዚያን ጊዜው የሩሲያ አቆጣጠር የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ነው፤ ፋብሪካው ግን የሥራ ቀን ነው አለ። ለገበሬ ልጅ ይህ ከገንዘብም በላይ የሚያቆስል ድፍረት ነበር። 8,000 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከመሪዎቹ አንዱ ፒዮትር ሞይሴዬንኮ ነበር፤ እሱም ከስሞሌንስክ የገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሸማኔ ነው።

ወታደር መጣ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ። በ1886 ችሎት ግን የፍርድ ሸንጎው (ጁሪው) ለቀረቡለት 101 ጥያቄዎች ሁሉ «ጥፋተኛ አይደሉም» ሲል መለሰ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ አሠሪዎች የሚጥሉትን ቅጣት ገደበ፤ የቅጣቱ ገንዘብም ለሠራተኞቹ ጥቅም እንዲውል አዘዘ። ሞይሴዬንኮ ነፃ ቢባልም በአስተዳደር ትእዛዝ ወደ አርኻንግልስክ ተጋዘ። ከአድማው በኋላ ከፋብሪካው የተባረሩት ብዙዎቹ ደግሞ ወደየትውልድ መንደራቸው ተመለሱ፤ በሕግ መዝገብ ገና ገበሬ ነበሩና።