ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ወደ ሥራ፤ የአጋሮ ምሩቃን መንገድ

በአዲስ አበባ እየሠራን አገር ቤት ላለ ታናሽ ወንድም ወይም እህት የኮሌጅ ክፍያ የምንልክ ጥቂቶች አይደለንም፡፡ ልጁ ሲመረቅ ፎቶግራፉ ይደርሰናል፡፡ ወራት ሲያልፉ ደግሞ "እባክህ ሥራ ፈልግልኝ" የሚለው ስልክ ይከተላል፡፡ በዚህ ጽሑፍ የሙያ ኮሌጅ ምሩቅ ወደ ሥራ የሚገባበትን መንገድ አጋሮን በምሳሌነት ይዤ ለማስረዳት እሞክራለሁ፡፡ አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ኑሮዋ በቡና ላይ የተመሠረተ ከተማ ናት፡፡

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ወደ መሰናዶና ወደ ቴክኒክና ሙያ ከፈላቸው፡፡ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የምንላቸው ስያሜዎች የዚያ ዘመን ናቸው፡፡ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ይህን ከደረጃ 1 እስከ 5 ባለው አሠራር ተካው፡፡ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዘርፉ በአዲስ መልክ ለተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ፡፡

በእነዚህ ዓመታት ምሩቃን በብዛት ሥራ የያዙባቸው ሁለት አጋጣሚዎች ነበሩ፡፡ አንደኛው በየቀበሌው ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኞች ለመመደብ የግብርና ኮሌጆች የተከፈቱበት ነው፡፡ ሁለተኛው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና በቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶችን ያሰማራው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፡፡ በሁለቱም መጀመሪያ የሥራ መደቡ ታወቀ፤ ሥልጠናው ቀጥሎ መጣ፡፡ በኤሌክትሪክ፣ በመካኒክነት ወይም በሒሳብ አያያዝ የሚመረቅ ወጣት ግን የሚጠብቀው መደብ የለም፡፡ ቀጣሪውን ራሱ ማግኘት አለበት፡፡

በእኔ እምነት ቀጣሪ የሚገኘው ከምረቃ በኋላ በሚጻፍ ማመልከቻ ሳይሆን ከምረቃ በፊት በሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው፡፡ የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር 70 በመቶው ሥልጠና በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሰጥ ያስባል፡፡ ነገር ግን ትልልቅ ፋብሪካ በሌለባት ከተማ 70 በመቶው የት ይሰጣል? ብዙዎቻችን "አጋሮ ውስጥ ምን አለና" ብለን ልጁን ወደ አዲስ አበባ እንጠራዋለን፡፡

በአጋሮ ዙሪያ ግን የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አሉ፡፡ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በቴክኖሰርቭ ድጋፍ የገበሬ ማኅበራት ዘመናዊ የፔናጎስ ማሽን ተክለዋል፡፡ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል፡፡ እንዲህ ያለ ጣቢያ ማሽን የሚጠግን፣ ጄኔሬተርና ሞተር የሚያውቅ፣ የገበሬውን እሸት በኪሎ መዝግቦ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል፡፡ ማሽኑ በለቀማ ወቅት ቢቆም የተለቀመው እሸት ጥራቱ ይበላሻል፤ ማኅበሩም ይከስራል፡፡ በዚያ ሰዓት ማሽኑን ያስነሳ ተለማማጅ በሚቀጥለው ዓመት መጠራቱ የማይቀር ነው፡፡

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዳይ ጊዜ ነው፡፡ የለቀማው ዋና ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በመሆኑ፣ በክረምት ለልምምድ የተላከ ተማሪ የሚያየው የቆመ ማሽን ነው፡፡ ኮሌጁ መርሐ ግብሩን ከወቅቱ ጋር እንዲያገናኝ መጠየቅ የተማሪውም የቤተሰቡም ድርሻ ነው፡፡

ሁለተኛው የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ነው፡፡ የኮሌጁ ዲፕሎማ ብቻውን አይበቃም፡፡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሙያ ምሩቅ ሲቀጥሩ ይህን ማስረጃ ይጠይቃሉ፡፡ ምዘናው የተግባር ፈተናም ስላለው እጁን ያላፍታታ ተማሪ ይቸገራል፡፡

ሦስተኛው የጽሑፍ ማስረጃ ነው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየዓመቱ የሚደጋገም የወቅት ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል ሊሠራ እንደሚችል ይደነግጋል፡፡ አሠሪውም ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት፡፡ ሦስት ወር ሠርቶ ያለ ወረቀት የሚመለስ ወጣት ግን በሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ "ዜሮ ዓመት ልምድ" ብሎ ይሞላል፡፡ የሦስት ለቀማ ወረቀት የያዘው በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ የሚያሳየው ነገር አለው፡፡

የወቅት ሥራ ዓመቱን ሙሉ እንደማያበላ እሙን ነው፡፡ ቀሪውን ጊዜ የከተማው ወፍጮ፣ የቤት ሽቦ ዝርጋታና የባጃጅ ጥገና ሊሞሉት ይችላሉ፡፡ ክፍያ የምንልክ ወገኖችም ከውጤቱ ጋር "ልምምድህን የት፣ በየትኛው ወር አደረግህ?" ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው፡፡ የምረቃ ቀን ሲደርስ ይህን መጠየቅ ዘግይቷል፡፡