የሁምቦ ተራራ ካርቦን የሚሸጠው እንዴት ነው?

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ ሁምቦን ታልፋላችሁ። እዚያ ያለው ተራራ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተራቁቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩን ወደ ታች ይለቅ ነበር። አሁን ደን ነው። ካርቦንም ሸጧል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የጻፍናቸው።)

መቼም ጭስ በጆንያ አይሸጥም። ፋብሪካ ነዳጅ ወይም የድንጋይ ከሰል ሲያቃጥል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ዛፍ ደግሞ ሲያድግ ይህንኑ ጋዝ ከአየር ወስዶ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በ1997 የጸደቀው የኪዮቶ ስምምነት ሀብታም አገራት ከገቡት የቅነሳ ግዴታ ከፊሉን ከድሃ አገራት በሚገዙት ቅነሳ እንዲሸፍኑ ፈቀደላቸው። ሁምቦ የገባው በዚህ በር ነው።

ፕሮጀክቱ 2,728 ሄክታር ይሸፍናል። ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ጀመረው፣ በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ለመግዛት ተስማማ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ይይዛል ተብሎ ተሰልቷል። እኛ በስልካችን ካልኩሌተር ስናካፍለው በሄክታር በዓመት ወደ 11 ቶን መጣልን።

ዘዴው ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። ደኑ በአብዛኛው በችግኝ የመጣ አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር መሬት ውስጥ በሕይወት ነበር። ገበሬው ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን መርጦ ሌላውን ይመለምላል፣ ከብት እንዳይገባ ይከለክላል፣ በቃ። አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ይህንን አሠራር በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ አስፋፍቶታል።

ደኑን የሚያስተዳድሩት ሰባት የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ የካርቦኑም ገቢ ወደ እነሱ ይሄዳል። በ2012 ከ73,000 በላይ የካርቦን ሰርተፍኬት ተሰጠ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ሰርተፍኬቱ «ጊዜያዊ» ይባላል። ደን ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል ቀኑ ሲደርስ ያበቃል፣ ገዢውም መተካት አለበት። ፋብሪካው የለቀቀው ጋዝ ግን አየር ላይ እጅግ ረጅም ዘመን ይቆያል። ስለዚህ በእኛ ግምት የሁምቦ ሰው ዋናው ትርፍ ከዶላሩ በላይ ተራራው ላይ የቀረው አፈርና ውሃ ነው። ለዚያም ቢሆን ከብቱን ከግጦሹ፣ መጥረቢያውን ከዛፉ አርቆ ዋጋ ከፍሏል።

ሌላም አለ። ዛፍ የፋብሪካ ቀለምና ኬሚካል ያለበትን ውሃ አያጣራም። ለእሱ ሌላ ምህንድስና ያስፈልጋል፤ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ ውሃውን መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራው ለዚህ ነው።