የእንግሊዝኛ የንግድ ጽሑፍ በጅግጅጋና አካባቢዋ

የእንግሊዝኛ የንግድ ጽሑፍ ነጋዴ ዕቃውን ለውጭ አገር ገዢ የሚያስተዋውቅበትና የሚሸጥበት ጽሑፍ ነው። የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ፣ የምርት መግለጫ፣ የማሸጊያ ጽሑፍ፣ የድረ ገጽ ማስታወቂያና ለባንክ የሚቀርብ ደረሰኝ በዚህ ሥር ይመደባሉ። በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌና በሌሎች የሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች ጉዳዩ በተለይ ከቁም እንስሳት፣ ከእጣንና ከሙጫ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው።

የቋንቋዎች ድርሻ

የጅግጅጋ ገበያ ዋና መነጋገሪያና የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማልኛ ነው። ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በአማርኛ ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ ገዢ ጋር የሚደረገው በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ነው። እንግሊዝኛ በአካባቢው አዲስ አይደለም። ጅግጅጋ እ.ኤ.አ. እስከ 1948 በብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ የበርበራ ወደብ የሚገኝባት ሶማሊላንድም እስከ 1960 የብሪታንያ ጥበቃ ግዛት ነበረች።

የምርት ስያሜ

በአማርኛ «እጣን» የሚለው ስም ከተለያዩ ዛፎች የሚገኙ ሙጫዎችን ያጠቃልላል። የትግራይ እጣን የሚገኘው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከተባለው ዛፍ ሲሆን፣ የኦጋዴን ዓይነት የሚባለው ከቦስዌሊያ ሪቬ ነው። ሶማልኛ ደግሞ «ማልማል» የሚለውን ከርቤ «ሀበክ ሀዲ» ከሚለው ሙጫ ይለያል። የመጀመሪያው ከኮሚፎራ ሚራ፣ ሁለተኛው ከኮሚፎራ ጊዶቲ ይገኛል፤ ሁለተኛው በዓለም የሽቶ ንግድ ኦፖፖናክስ ይባላል። ሁለቱም በእንግሊዝኛው የከርቤ ስም ብቻ ቢጻፉ ገዢው የትኛውን እንደሚገዛ አያውቅም፤ ጠረናቸው ስለሚለያይም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ ጥሩ መግለጫ የዛፉን ሳይንሳዊ ስም፣ የተሰበሰበበትን ቦታና ወቅት፣ ደረጃውን፣ የንጽሕናውን መጠንና ክብደቱን ይይዛል።

የባንክ ሰነዶች

በኤል ሲ የሚከፈል ሽያጭ ብዙ ጊዜ የሚመራው በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ዩሲፒ 600 ነው። ደንቡ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2007 ነው። በደንቡ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በደረሰኙ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ በኤል ሲው ላይ ካለው ጋር መጣጣም አለበት፤ ለምርመራውም ባንኩ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። ለምሳሌ ኤል ሲው «ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ» ብሎ ደረሰኙ «ፍየል» ቢል፣ የተላኩት እንስሳት ትክክለኛዎቹ ቢሆኑም ባንኩ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። ገዢውም ስሕተቱን አልፎ ለመቀበል የዋጋ ቅናሽ ለመጠየቅ ዕድል ያገኛል።

ስምና ማስታወቂያ

የስም ዋጋ በጎረቤት የሐረርጌ ቡና ታይቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከቀረቡት ተቃውሞዎች አንዱ ስሞቹ የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ።

በማስታወቂያ ውስጥ የማይጻፈውን ማወቅም የሙያው አካል ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ የእጣን ዘይት «በሽታ ይፈውሳል» ተብሎ ከተሸጠ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል፤ ያለ ፈቃድ መሸጡም ያስጠይቃል።

ጥቅሙና ወሰኑ

በድንበር አካባቢ ያለው የእንስሳት ንግድ በብዛት የሚካሄደው በደላላ፣ በስልክና በመተማመን ስለሆነ ጥሩ ጽሑፍ የዚህን ቦታ አይተካም። ሆኖም ከሩቅ ገዢ ጋር በቀጥታ መጻጻፍ የማይችል ነጋዴ ለሚችለው አማላጅ ለመሸጥ ይገደዳል፤ በመካከል ያለው የዋጋ ልዩነትም ለአማላጁ ይቀራል። የሰለጠነ ጸሐፊ የሚያስፈልገውም ዕቃውን ለማስዋብ ብቻ ሳይሆን፣ የአካባቢው ሰው የሚያውቀውን ልዩነት ገዢውና ባንኩ በሚረዱት ቃል በትክክል ለማስፈር ነው።