ፊቱን ወደ ቀኝ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ በሚባሉት የፓስፊክ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። በአቅራቢያው ቱና ያጠምዱ በነበሩ 23 ጃፓናውያን ላይ ነጭ አመድ ዘነበባቸው። ዓመቱ ሳያልቅ፣ ቶሆ የተባለው የፊልም ኩባንያ ቦምብ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰውን አውሬ ከባሕር አወጣና ለሕዝብ አሳየ፤ ጎድዚላን። ጩኸቱን አቀናባሪው አኪራ ኢፉኩቤ ያገኘው የኮንትራባስ ክር በቆዳ ጓንት እየፈተገ ነበር።

እኔ ያኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ! ጎድዚላን ያወቅሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በምንጋራት ክፍል ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣን ዓመት አልሞላንም፤ እንግሊዝኛው ገና አልገባንም። አንድ ጎረቤት ያገለገለ የኒንቴንዶ ጌም ማሽን ሰጠን። አብሮት የመጣው ጌም ቶሆ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የጎድዚላ ጌም ነበር። አውሬዎቹ የማር እንጀራ በመሰለ ሰሌዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ ከመሬት ወደ ማርስ፣ ከማርስ ወደ ጁፒተር ይሻገራሉ። መጨረሻ ላይ ባለሦስት ራሱ ጊዶራ ይጠብቃል። ጎድዚላ የወንድሜ፣ ሞትራ የምትባለው ባለ ክንፏ የእኔ ነበረች። መቆጣጠሪያውን እየተቀባበልን እናነጋ ነበር።

በፊልም ከሰል የመሰለው ጎድዚላ እዚያ አረንጓዴ ነበር። የኒንቴንዶው ማሽን በአንዲት ትንሽ የምስል ቁራጭ ላይ ከ3 ቀለም በላይ አያስቀምጥም። ሠሪዎቹ በዚያች ጥቂት ቀለም ቆዳውንም፣ ጥላውንም፣ ቁጣውንም ሣሉት። ለእኔ እውነተኛው ጎድዚላ እስከ ዛሬ እሱ ነው።

ታዲያ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የዚያኑ የጌም ጎድዚላ አሻንጉሊት አወጡት ሲባል ልቤ ዘለለ። ግን የወሩ ኪራይ አልተከፈለም ነበርና ዝም አልኩ። እጄ ገንዘብ ሲገባ አሻንጉሊቱ አልቋል፤ የያዙት ሰዎች ዋጋውን ሰማይ ሰቅለውታል። ስንት ሌሊት ፎቶውን እያየሁ ተኛሁ!

አሻንጉሊቱ እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ አንዳንድ ሰብሳቢዎች፣ የያዝነው ዋጋው ወረደ ብለው አዘኑ። በዚህ አልስማማም። የልጅነት ትዝታ ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ አይኖረውም፤ ሁለተኛው ዙር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

ያዘዝኩት ካርቶን ሲደርስ በቢላ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ቁመቱ ከስንዝሬ ብዙም አይበልጥም፤ ጅራቱ ግን ይረዝማል። ወደ መብራት አስጠጋሁት። ጥላው በደንብ አልተዋሃደም፤ ሆን ተብሎ ደመቅ፣ ጠቆር እያለ ተቀብቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳየነው። ሠዓሊው የማሽኑን ድህነት ሳይንቅ አክብሮ ቀባው። አውራ ጣቴን በጀርባው ሹል ቅርፊቶች ላይ ሳስኬድ እንባዬ መጣ።

እሑድ ወንድሜ ለቡና መጣ። አሻንጉሊቱን መደርደሪያ ላይ ፊቱን ወደ እኛ አድርጌ አቁሜዋለሁ። ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠ፤ ተነሣ፤ አነሳው፤ ጅራቱን አስተካከለና መልሶ አቆመው። ፊቱን ግን ወደ ቀኝ አዞረው።

«ሁልጊዜ ወደዚህ ነበር የሚሄደው» አለኝ።