ስሙ ነፋስ፣ ግብሩ ውሃ

ከሐሩር ውቅያኖስ ተነሥቶ የካሪቢያንንና የአሜሪካን ዳርቻ የሚደበድበውን ማዕበል በአማርኛ አውሎ ነፋስ እንለዋለን። ስሙ አልተሳሳተም፤ ነፋሱ ጣራ ይገነጥላል፣ ዛፍ ይነቅላል፣ መርከብ ከወደብ አውጥቶ መንገድ ላይ ያስተኛል። ሆኖም ስሙ ብዙ ሰው ከሚገድለው ነገር ዓይናችንን ያዞርብናል። ለዚያኛው ገዳይ አማርኛ ሌላ ቃል አለው፤ ደራሽ ውሃ። ደራሽ የተባለው ከሌላ ቦታ ስለሚደርስ ነው። ዝናቡን ያላየ፣ ደመናውን ያልጠረጠረ ሰው ከደረቀ ወንዝ ዳር እንዳለ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀው የደጫቱ ጎርፍ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ውሃ ነበር። በአሜሪካ ማዕበልን ከሩቅ የመቃኘት ሙያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያድግ የጎደለው ይህ የደራሽ ውሃ እሳቤ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙያው የተወለደው ከወደብና ከመርከብ ነው፤ ስለዚህም ዓይኑ ወደ ባሕር፣ መለኪያው ወደ ነፋስ አዘንብሎ ቀረ። ማዕበሉ ዳርቻውን ከረገጠ በኋላ ወደ መሀል አገር ይዞት የሚገባው ውሃ ለረጅም ጊዜ የታሪኩ ጅራት ተደርጎ ተቆጠረ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙያው አባት ሊባሉ የሚችሉት ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ቤኒቶ ቪኜስ ናቸው። በ1870 በሃቫና የቤሌን ኮሌጅ የአየር ጠባይ ጣቢያ ኃላፊ ሆነው፣ ከማዕበሉ ፊት ቀድመው የሚዘረጉትን ላባ መሰል ቀጫጭን ደመናዎች አቅጣጫ እየመዘገቡ፣ የመርከብ ካፒቴኖችን ወሬ እያሰባሰቡ፣ በሴፕቴምበር 1875 ማዕበል ከመድረሱ በፊት በጋዜጣ አስጠነቀቁ። እርሳቸው በ1893 ሲሞቱ ኩባ በዚህ ዕውቀት ከአሜሪካ የላቀች ነበረች ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የአየር ጠባይ ቢሮ ግን የኩባውያንን ትንበያ በንቀት አየ፤ በ1900 የበጋ ወራት ትንበያቸው በቴሌግራፍ ወደ አሜሪካ እንዳይተላለፍ አገደ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቴክሳስ ውስጥ ያለችውን የጋልቬስተን ደሴት ከተማ ባሕሩ ዋጣት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 8,000 ነው። የከተማዋ የአየር ጠባይ ኃላፊ አይዛክ ክላይን ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአካባቢው ጋዜጣ ላይ፣ ማዕበል ጋልቬስተንን ክፉኛ ይጎዳል ብሎ መስጋት ከንቱ ቅዠት ነው የሚል ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ከዚህ እልቂት የወጣው ትምህርት ትልቅና ትክክለኛ ነበር፤ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ተሠራ፣ የደሴቲቱ መሬት ራሱ በአሸዋ ከፍ ተደረገ። ሙያው ግን ጠላቱ ከባሕር የሚመጣ መሆኑን በዚያው አጥብቆ ያዘ።

ከቪኜስ ወዲህ የተገኘው እያንዳንዱ ግስጋሴ ዓይንን ወደ ውቅያኖሱ ይበልጥ ያራቀ ነው። በ1898 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በካሪቢያን የማስጠንቀቂያ ጣቢያዎች እንዲቋቋሙ ያደረጉት ከስፔን ጋር ለሚዋጋው የባሕር ኃይል ሲሉ ነው። መርከቦች በሬዲዮ ወሬ መላክ ጀመሩ። በጁላይ 1943 ጆሴፍ ዳክዎርዝ የተባሉ አብራሪ ከቴክሳስ ተነሥተው አውሮፕላናቸውን ወደ ማዕበሉ ዓይን አስገቡ። በኤፕሪል 1960 ታይሮስ የተባለችው የመጀመሪያዋ የአየር ጠባይ ሳተላይት ተወነጨፈች። ቅኝቱ በመጨረሻ አትላንቲክን ተሻግሮ አፍሪካ ደረሰ፤ ብርቱዎቹ የአትላንቲክ ማዕበሎች በብዛት የሚጠነሰሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች እንደሆነ ታወቀ። የእነዚህ ሞገዶች መነሻ አንዳንዴ የእኛው ክረምት ነው። በኦገስት 2000 አትላንቲክ ላይ ለሳምንታት የዞረውን አልቤርቶ የተባለ ማዕበል ተመራማሪዎች ወደ ኋላ እየተከተሉ ሲሄዱ፣ ፍንጩን ያገኙት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በተሰባሰበ የነጎድጓድ ዝናብ ውስጥ ነው። በደጋችን ነጎድጓድ የጀመረው ጉዞ በሌላ አህጉር ተራራ ላይ ዝናብ ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። የዚህ ጉዞ መነሻ በዚህን ያህል ጥንቃቄ ሲጠና፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች፣ ማለትም ከዳርቻው እስከ ተራራው ያሉት፣ ተመጣጣኝ ትኩረት አላገኙም።

ማስረጃው ግን ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በጁላይ 1916 መጀመሪያ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የገባ ማዕበል የሰሜን ካሮላይናን ተራሮች አራሰ። አፈሩ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ከቻርልስተን በኩል ሁለተኛ ማዕበል መጣ። አልታፓስ በምትባል ቦታ በ24 ሰዓት ከ560 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ የፍሬንች ብሮድ ወንዝ አሽቪል ከተማ ላይ ሰባት ሜትር ያህል ሞላ፤ በአካባቢው 80 ያህል ሰው አለቀ። የሚያስፈራው ምሳሌ ግን የ1969ኙ ካሚል ነው። ካሚል ኦገስት 17 ሌሊት ሚሲሲፒን በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ መታ፤ ዳርቻው ተጠራረገ፣ ዓለምም ሐዘኑን ተቀመጠ። ማዕበሉ በቴነሲና በኬንታኪ በኩል እየደከመ ሄዶ በትንበያ ቢሮው መዝገብ የተራ ዝናብ ያህል ሆነ። ከሁለት ሌሊት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ኔልሰን ካውንቲ በሚባል ገጠር፣ እርጥቡ አየር ከብሉ ሪጅ ተራሮች ጋር ተጋጭቶ ሽቅብ ሲገፋ፣ ነዋሪው በተኛበት በስምንት ሰዓት ግድም ውስጥ 690 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። ይህ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ በላይ ነው። ተዳፋቱ ከነዛፉ ተንዶ ሸለቆዎቹን ሞላ። በዚያች ትንሽ ካውንቲ ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ይህም ከነዋሪው ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። ባሕር አይተው የማያውቁ ገበሬዎች ባሕር ባመጣው ውሃ ሰጠሙ። የደረሰላቸው ማስጠንቀቂያ አልነበረም።

ከካሚል በኋላ ሙያው ራሱን የመረመረበት መንገድ ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ነው። በዚያን ሰሞን ኸርበርት ሳፊር የተባሉ የሕንፃ መሐንዲስ፣ ነፋስ ቤትን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ ባለአምስት እርከን መለኪያ አዘጋጁ፤ የማያሚው የማዕበል ማዕከል ዳይሬክተር ሮበርት ሲምፕሰን የባሕሩን ሙላት ጨመሩበት። ዛሬ በዜና የምንሰማው አንደኛ ደረጃ፣ አራተኛ ደረጃ የሚለው አጠራር ከዚህ የመጣ ነው። በመለኪያው ውስጥ ዝናብ የለም። በ2010 ደግሞ የባሕሩ ሙላት ወጥቶ ነፋስ ብቻ ቀረ። መለኪያው ይፋ ሊሆን ዋዜማ ላይ ሳለ፣ በጁን 1972 አግነስ መጣች። ፍሎሪዳን ስትነካ ከሁሉ ያነሰው የአንደኛ ደረጃ ማዕበል ነበረች፤ ነገር ግን ፔንሲልቬኒያ ደርሳ የሰስኳሃና ወንዝን ከዳርቻው አወጣች፣ ዊልክስ ባሬ ከተማን አጥለቀለቀች፣ ከ100 በላይ ሰው ገደለች፣ በንብረት ጥፋት እስከዚያ ጊዜ በአሜሪካ ተወዳዳሪ ያልነበራት ሆነች። ዛሬ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ኦኮኳን ላይ የነበረውን የብረት ድልድይም ወስዳለች። ከዚያ ወዲህም ታሪኩ ደጋገመ። በኦክቶበር 1998 ሚች ነፋሱ ደክሞ ሆንዱራስንና ኒካራጓን በዋነኛነት በዝናብ ሲያጠፋ ከ10,000 በላይ ሰው አለቀ፤ የካሲታ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ተንዶ መንደሮችን ቀበረ። በሴፕቴምበር 1999 ሰሜን ካሮላይና ላይ ዴኒስ አፈሩን ካጠገበ በኋላ ፍሎይድ ሲደርስ የታር ወንዝ ክትሩን ዘልሎ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የመሠረቷትን ፕሪንስቪልን ከነቤተ ክርስቲያኗ አሰጠመ። በ1916 የታየው ሥርዓት ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተደገመ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ያጠግባል፣ ሁለተኛው ይገድላል። የእርከን መለኪያው ስለዚህ አንዳች አይናገርም።

ባሕሩ ራሱ ከወንዝ ይበልጥ ገዳይ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ጋልቬስተንን ይጠራል፤ የ2005ቱን ኒው ኦርሊያንስንም ይጨምራል። አልክድም። ኤድዋርድ ራፓፖርት የተባሉ የማዕበል ማዕከሉ ተመራማሪ ከ1963 እስከ 2012 ያለውን ሲደምሩ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው የባሕር ሙላት ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ድምር ትልቁ ክፍል ግን ከአንድ ማዕበል፣ ከ2005ቷ ካትሪና፣ የመጣ ነው። እኚሁ ሰው ካትሪና ሳትመጣ ከ1970 እስከ 1999 ያሉትን 600 ያህል ሟቾች ሲመረምሩ 59 በመቶው በዝናብ ጎርፍ የሞቱ ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ከባሕር ዳርቻ ውጭ ባሉ ካውንቲዎች ሞተዋል፤ ከአራት አንዱ የሚሆነው የሞተው መኪና ውስጥ ወይም ከመኪና ሊወጣ ሲታገል ነው። ከ2013 በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታትም የዝናብ ጎርፍ ድርሻ ከግማሽ በላይ ሆኗል። ዳርቻው ላይ ሞት የቀነሰው ባሕሩ ስለለዘበ አይደለም። ግንብ ስለተሠራ፣ የመውጫ መንገድ ስለተለየ፣ ሰው ሲነገረው መውጣትን ስለለመደ ነው። ይህ የሙያው ታላቅ ድል ነው፤ ተራራው ላይ ያልተደገመ ድል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የሳይንስ ነው፤ ተራራ ላይ የሚወርድ ዝናብ በየትኛው ሸለቆ እንደሚያይል ቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው ይላል። በ1969 እውነት ነበር፤ የኔልሰን ሕዝብ ያለቀው ማንም ስላላወቀ ነው። በሴፕቴምበር 2024 ግን ይህ ምክንያት ጠፍቷል። ሄሊን 26ኛው ቀን ሌሊት ፍሎሪዳን በአራተኛ ደረጃ ነፋስ ከመምታቷ በፊት፣ የሰሜን ካሮላይና ተራሮች በቀደመ ዝናብ ተነክረው ነበር፤ የአካባቢው የአየር ጠባይ ቢሮም የሚመጣው ጎርፍ ከ1916ቱ ጋር የሚነጻጸር እንደሚሆን አስቀድሞ በግልጽ ተናግሯል። በማግስቱ የፍሬንች ብሮድ ወንዝ አሽቪል ላይ ሰባት ሜትር ተኩል ሞልቶ የ1916ቱን ምልክት አለፈ። ከባሕር ጠለል 650 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ማዕበሉ መሬት ከነካበት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ከተማ ዙሪያ የሆነ ነገር ነው። በክፍለ ግዛቱ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ትንበያው ትክክል ነበር፤ የሰሚው አእምሮ ግን ከትውልድ ትውልድ ማዕበል የባሕር ሰው ጉዳይ እንደሆነ ተምሯል። ተራራ ላይ የሚኖር ሰው አራተኛ ደረጃ ሲባል ሰምቶ ፍሎሪዳን ቢያስብ ልፈርድበት አልችልም፤ የተሰጠው ቋንቋ ያ ነው።

ሦስተኛውን መከራከሪያ ከሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ። የዳርቻ ሰው ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ የተራራ ሰው ወዴት ይሽሽ? መንገዱ ራሱ ወንዙን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ሁሉንም ለማስወጣት ቢሞከር መኪናው ሁሉ ጎርፉ በሚያልፍበት ሸለቆ ይደረደራል። ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው የዳርቻው መፍትሔ እንዳለ ወደ ተራራ ሊወሰድ የማይችለው። ከደራሽ ውሃ ለማምለጥ ግን ብዙ ጊዜ መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት አያስፈልግም፤ ጎርፉ ሳይደርስ በእግር ዳገቱን ጥቂት አስር ሜትር መውጣት፣ ከናዳ አፍም ገለል ማለት ነው። የሚያስፈልገው የትኛው ቤት ከወንዙ ደረጃ በታች እንዳለ፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚናድ አስቀድሞ ማወቅና ሌሊት ሰው የሚቀሰቅስ መኖሩ ነው። ይህ ከሳተላይት በጣም ይረክሳል።

የአደጋው ማግስትም በዚያው ዓይነ ስውርነት የተቀረጸ ነው። በአሜሪካ ተራው የቤት መድን ነፋስ የጣለውን ጣራ ይከፍላል፤ ጎርፍ የወሰደውን ቤት አይከፍልም። ለጎርፍ የተለየ የመንግሥት መድን በ1968 ተቋቁሟል፤ ከአግነስ በኋላም በ1973 በካርታ ላይ የጎርፍ ቀጣና ተብሎ በተከለለ ቦታ ቤት በብድር ለሚገዛ ግዴታ ሆነ። ካርታዎቹ ግን ትልልቅ ወንዞችን እንጂ ተራራ ላይ ያሉትን ጅረቶች ሁሉ አይዙም። ሄሊን ስትመጣ አሽቪል ባለችበት ካውንቲ የጎርፍ መድን የነበራቸው ቤቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ የሚሆን ሆኖ እስኪመለስ 53 ቀን ፈጀ። ዛፍ የጣለበት ጎረቤት ካሳ ሲቀበል፣ ጭቃ የሞላበት ጎረቤት የሌለ ቤት ዕዳ ይከፍላል። ማዕበሉ አንድ፣ ሌሊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የመጣው አደጋው በነፋስ ስም ስለተመዘገበ ነው።

ከሄሊን ስድስት ሳምንት በፊት፣ በኦገስት 2024፣ ማያሚ ያለው የማዕበል ማዕከል ሕዝቡ የለመደውን የማዕበል አቅጣጫ ካርታ በሙከራ አሻሽሎ አወጣ። ከ2002 ጀምሮ ሲታይ የኖረው ካርታ ማስጠንቀቂያን በቀለም የሚያሳየው በዳርቻው መስመር ላይ ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሀል አገር ያሉ ካውንቲዎች ቀለም ተቀቡ። ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ የነበረ፣ የተመሰገነም ለውጥ ነው። ቀለሞቹ የሚያመለክቱት የነፋስ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የወንዝ ሙላት በዚያ ካርታ ላይ ቀለም አልተሰጠውም።