የጤፍ ፓተንት፦ በወረቀት የጸደቀው መብት በፍርድ ቤት ሲፈተን

ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ ባለቤት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ ብቸኛ የመጠቀም መብት ነው። መብቱን ለማግኘት ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ፓተንት መሰጠቱ ብቻ እነዚህ መስፈርቶች በእርግጥ ስለመሟላታቸው ማረጋገጫ አይሆንም። ከከላላ እስከ መካነ ሰላም፣ በመላ ሀገሪቱም ትውልድ ሲያመርተው የኖረው ጤፍ የገጠመው ጉዳይ ይህንን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን እንዲጠቀም፣ ኢትዮጵያም ከጥቅሙ እንድትጋራ ታስቦ ነበር። ኩባንያው ግን ከፊርማው አስቀድሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤትም በጥር 2007 መብቱን ሰጠ።

ኩባንያው በ2009 ከሰረ። የኖርዌይ ፍሪድቾፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሬጂን አንደርሰንና ቶነ ዊንጌ በ2012 ባወጡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው ገንዘብ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነው። ውሉ ግዴታ የጣለው በከሰረው ኩባንያ ላይ ሲሆን፣ ፓተንቱ ግን አንሸንትግሬይን በተባለ ሌላ ኩባንያ እጅ ጸንቶ ቆየ።

በአውሮፓ ሥርዓት ማንኛውም ሰው ፓተንት በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ቀሪው መንገድ በየሀገሩ ፍርድ ቤት መሟገት ነበር። ይህም ብርቱ ገንዘብና የሕግ ባለሙያ ይጠይቃል።

ፓተንቱን ለፈተና ያቀረበው የንግድ ክርክር ነው። አንሸንትግሬይን ባክልስ የተባለውን የዳቦና የኬክ ግብዓት አምራች መብቴን ጥሷል ሲል ከሰሰ፤ ተከሳሹም ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ሲል ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት እንደሌለው አረጋግጦ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ከተሰጠ ወደ 12 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ፓተንት በየሀገሩ ለየብቻ የሚጸና በመሆኑ፣ የሄጉ ውሳኔ የሌሎችን ሀገራት መብት በቀጥታ አልሻረም።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የዕፅዋት ዝርያዎችን ከፓተንት ውጭ አድርጓል፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ሁለቱም ግን ከድንበር ማዶ የሚሰጥ ፓተንትን በራሳቸው አያስቀሩም። ከጤፍ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርትም ይኸው ነው፦ ከመፈረም በፊት ተዋዋዩ ምን ማመልከቻ እንዳስገባ ማጣራት፣ ፓተንቱን ወደ ሌላ ሲያስተላልፍ ግዴታውም አብሮ እንዲተላለፍ በውሉ ማስፈር፣ የተቃውሞው ቀነ ገደብም ሳያልፍ መከታተል ያስፈልጋል።