አምስት ኪሎ የሚከብድ ቃታ

ኦገስት 24 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ጠዋት በኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ደጃፍ፣ ሁለት ፖሊሶች የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን ገድሎ ሽጉጥ የደገነባቸውን ሰው ለመጣል 16 ጥይት ተኮሱ። ሰውየው ሞተ፤ ዘጠኝ መንገደኞችም ቆሰሉ። ዘጠኙም የቆሰሉት በፖሊስ ጥይት ወይም በፍንጣሪው ነው። ወዲያው የተነሳው ክርክር ስለ ተኳሾቹ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ቃታውም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሪቮልቨር ነው። በቀድሞው የፖሊስ ሪቮልቨር ቃታውን የሚስበው ጣት ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ጥይት የጎረሰውን ተሽከርካሪ ያዞራል፣ መምቻውን ወደ ኋላ ይወጥራል፣ በመጨረሻም ይለቀዋል። ስለዚህ ስበቱ ረጅምና ከባድ ነው፤ አምስት ኪሎ ገደማ። ግን ከመጀመሪያው ጥይት እስከ ስድስተኛው አይለወጥም፣ ጣት ይለምደዋል። ማጠበቂያ ቁልፍ የሌለውን መሣሪያ ካልታሰበ ተኩስ ሲጠብቅ የኖረውም ይኸው ክብደት ነው።

የጀርመኑ ዋልተር በ1929 ይህንን አሠራር ፒፒ በተባለው ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ ሲያመጣው ጠባዩ ተለወጠ። የመጀመሪያው ጥይት እንደ ሪቮልቨር በከባድ ስበት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ተንሸራታቹ ክፍል ወደ ኋላ ሲመለስ መምቻውን ራሱ ስለሚወጥረው፣ ሁለተኛው በግማሽ ኃይል ወይም ከዚያ ባነሰ ይተኮሳል። ጣት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃታ መግዛት አለበት።

በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት የኤፍቢአይ መርማሪዎች ተገድለው አምስት ሲቆስሉ፣ ስድስት ጥይት እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ኒው ዮርክ ግን እስከ 1993 ቆየ። የከተማው አለቆች ከሪቮልቨር የመጣ ጣት ቀላል ቃታ ላይ ሲያርፍ የሚያደርገውን ፈሩ። ግሎክ ከፋብሪካ ሲወጣ ስበቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ፖሊሱ ሽጉጡን ተቀበለ፤ ቃታውን ግን በጠንካራ ሞላ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል አከበደው። ዛሬም እንዲህ ያለው ሞላ “የኒው ዮርክ ቃታ” ይባላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባዶው ግሎክ 19 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጣት የሚያሳርፍበት ኃይል የዚህን ዘጠኝ እጥፍ ነው። በተቻኮለ እጅ አፈሙዙ ቢዞር አያስገርምም። ቀላል ቃታ ቢሆን ዘጠኙ ሰዎች ይተርፉ ነበር ብሎ መማል ግን አይቻልም፤ የተጨናነቀ ጎዳና ነው። የኒው ዮርክ ፖሊስ ተኩስ የሚፈተነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር። ሞላ ደግሞ ከሥልጠና ሰዓት ይረክሳል።